ከአቤቱታ ፎርሙ ጀርባ፦ የአንድ ድረ ገጽ ጽዳት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፣ ርክክብ

ሥራው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው፤ ባለጉዳዮች አቤቱታ የሚያስገቡበት። ስሙ ይቅር። ውሉ ላይ የሰፈረው «የግላዊነት ፖሊሲ ገጽ ማዘጋጀት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ነባሩ ገጽ እንግሊዝኛ ነው፤ ከአንድ የአሜሪካ ድርጅት ተገልብጦ የተለጠፈ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የድርጅትዎን ስም እዚህ ያስገቡ» የሚለው ቅንፍ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ዝቅ ሲል ደግሞ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ስላላቸው መብት በዝርዝር ያስረዳል። ለቀበሌ ቤት አቤት የሚል የካሊፎርኒያ ነዋሪ ካለ መብቱ በደንብ ተጠብቆለታል።

ለአይሲቲ ኃላፊው ገጹን መጨረሻ ላይ እንደምጽፈው ነገርኳቸው። ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ምን እንደሚይዝ ሳላይ «ይህን እንሰበስባለን፣ ያን አንሰበስብም» ብዬ መጻፍ አልችልም።

«ቴምፕሌት የለሽም እንዴ?» አሉኝ።

«አለኝ። አሁን የተለጠፈውም እኮ ቴምፕሌት ነው።»

ሳቁና «እሺ፣ ግን አታርዝሚው» ብለው የሰርቨሩን ይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። የመጀመሪያው ሥራ እሱን መቀየር ሆነ።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ማን ጋ ይደውላል?

መነሻ ገጹን በክሮም ከፍቼ ብሮውዘሩ ከማን ማን ጋ እንደሚገናኝ የሚያሳየውን የኔትወርክ ታብ አየሁ። ጎብኚው ምንም ሳይነካ ብሮውዘሩ ጎብኚ የሚቆጥረው ጎግል አናሊቲክስ፣ የፊደል ቅርጽ የሚያቀርበው ጎግል ፎንትስ፣ ጎግል ማፕ፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ጋ ይደውላል። አቤቱታ ለማቅረብ የገባ ሰው ገና ስሙን ሳይጽፍ የአይፒ አድራሻው (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) ባሕር ተሻግሯል። አናሊቲክስ ደግሞ ሁለት ዓመት የሚቆይ ኩኪ፣ ጎብኚውን መልሶ የሚያውቅበት ትንሽ ፋይል፣ ይተክላል። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ነገር «ገጹን አሳምሩት» በተባለ ቁጥር የተጨመረ ነው።

ፎንቱ ቀላል ነበር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጄ ራሱ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥኩት። ፈቃዱ ነፃ ነው። ገጹም ፈጠነ። የአይሲቲ ኃላፊው «ለፎንት ይህን ያህል?» ሲሉኝ የሙኒክን ጉዳይ ነገርኳቸው። በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ በጀርመን አንድ የሙኒክ ፍርድ ቤት፣ ጎግል ፎንትስን ከጎግል ሰርቨር እየጠራ የጎብኚውን አይፒ ያስተላለፈ ድረ ገጽ ለጎብኚው 100 ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል። እኛን አይመለከትም፤ ነጥቡ ግን ገባቸው።

ካርታውን በተራ ምስልና በአቅጣጫ ጽሑፍ ተካሁት። ቪዲዮው ካልተጫኑት ዩቲዩብን አይጠራም። የፌስቡኩን ሳጥን ሳነሳ ግን ሕዝብ ግንኙነቶች ተቆጡ። ሊንኩ እንዳለ አሳየኋቸው። ሳጥኑ ግን «ላይክ» ያሳይ ነበር። ለእሱ መፍትሔ የለኝም።

ከዚያ አናሊቲክስ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ስንት ሰው ጎበኘን» የሚል ዓምድ ስላለ ዝም ብሎ ማንሳት አይቻልም። መጀመሪያ ማቶሞ የተባለውን ሌላ የጎብኚ መቁጠሪያ ሞከርኩ። ጥሩ ነው፣ ዳታው እዚሁ ይቀመጣል፣ አይፒውንም መሸፈን ይቻላል። ግን የራሱ ዳታቤዝና የራሱ አፕዴት አለው። እኔ ስሄድ ማን ያድሰዋል? ስለዚህ ከሰርቨሩ ሎግ (ማን መቼ ምን እንደከፈተ ሰርቨሩ ራሱ ከሚጽፈው መዝገብ) ላይ ብቻ የሚቆጥረውን ጎአክሰስ ተከልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የጎብኚው ቁጥር እጥፍ ሆነ። ሕዝብ ግንኙነቶች ደስ አላቸው። ለካ ቦቱንም፣ ሰው ሳይሆን በራሱ ገጽ የሚያስስ ፕሮግራሙንም፣ አብሮ እየቆጠረ ነው። ቦቶቹን ሳስወጣ ቁጥሩም ደስታውም ወረደ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ሎጉ

ሰርቨሩ የሚሠራው ኡቡንቱ በተባለው ስርዓተ ክወና ነው፤ በላዩ ገጹን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስና ድረ ገጹ የተሠራበት ወርድፕረስ። ኡቡንቱ እንደመጣ ቢተው ኖሮ የ14 ቀን ሎግ ይዞ የቆየውን ይጥል ነበር። አንድ ሰው «ለማስረጃ» ብሎ መጣሉን አጥፍቶታል። ስለዚህ የዓመታት ሎግ ተከምሯል፤ ማን መቼ ከየትኛው አይፒ የትኛውን ገጽ እንዳየ በሙሉ።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። «አቤቱታዬ የት ደረሰ» የሚለው መፈለጊያ የተሠራው ጌት በሚባለው የመላኪያ መንገድ ነው። ሰው ስልኩን ሲያስገባ ቁጥሩ የገጹ አድራሻ (ሊንኩ) ላይ ይለጠፋል። ሎጉን በ«ስልክ=09» ፈልጌ ስጠራው መስመሩ አላልቅ አለ። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አይፒው ጎን ለጎን። አናሊቲክስ ደግሞ የገጹን ሙሉ አድራሻ ስለሚልክ እነዚህ ስልኮች ጎግልም ጋ ሄደዋል ማለት ነው። ጎግል ራሱ እንዲህ ያለ መረጃ እንዳትልኩልኝ ይላል።

የመፈለጊያውን ፎርም፣ የተሞላው አድራሻው ላይ ወደማይወጣበት መንገድ፣ ወደ ፖስት ቀየርኩት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የድሮውን ሎግ ለማጥፋት ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ላይ ቲተርና ማኅተም፤ ቲተሩ ያለበት ሰው ደግሞ ስብሰባ።

አይፒውን ስሸፍን ሌላ ጣጣ መጣ። የመጨረሻውን ክፍል ዜሮ አደረግኩት፤ በማግስቱ አጥቂን የሚያግደው ፕሮግራም፣ ፌይልቱባን፣ ታወረ። ይለፍ ቃል እየገመተ የሚደበድበውን የሚያውቀው ከሎጉ ላይ ነውና አሁን የሚያየው አይፒ ሁሉ በዜሮ ያልቃል፤ እውነተኛውን አጥቂ ሊያግድ አልቻለም። በመጨረሻ ሎጉን ለሁለት ከፈልኩት። ሙሉ አይፒ ያለው ለሰባት ቀን ብቻ ይቆያል፣ የሚያነበውም ሩት፣ የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ፣ ብቻ ነው። ጎአክሰስ የሚቆጥርበት ሌላኛው የተሸፈነው ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ አፕሎድስ

እስካሁን ካየሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የአቤቱታ ፎርሙ «የመታወቂያ ፎቶ ያያይዙ» ይላል። ፋይሉ የሚገባው ተራው የወርድፕረስ አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የዜና ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት። ፎልደሩን በብሮውዘር ከፈትኩት፤ ዝርዝሩ ወጣ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የፋይዳ ካርድ፣ ፓስፖርት። ይለፍ ቃል የለ፣ ምን የለ። አንዱን ብቻ ከፈትኩ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በስልክ የተነሳ መታወቂያ ነው፤ ጠርዙ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል። የፎቶውን ኤግዚፍ፣ ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣውን መረጃ፣ ሳየው የተነሳበት ቦታ ከነላቲትዩዱ አለ። ወርድፕረስ አሳንሶ የሚያዘጋጃቸው ቅጂዎች ላይ ይህ ይነሳል፤ ኦሪጅናሉ ግን እንደገባ ነው የሚቀመጠው። ካርዱ ላይ የቤት ቁጥር ባይጻፍ እንኳ ፎቶው ቤቱን ይናገራል።

ፎልደሩን ወዲያው ዘጋሁት። ፋይሎቹን ከድረ ገጹ ውጭ አውጥቼ በሎግኢን ብቻ እንዲከፈቱ አደረግኩ። ኤግዚፉንም ኢሜጅማጂክ በተባለ ፕሮግራም ገፈፍኩ። ሎጉ ላይ የጎግል ቦት ወደ ፎልደሩ ሲመላለስ ስለነበር ከጎግል ፍለጋ እንዲወጡ የማስወገጃ ጥያቄ ሞላሁ። ያ ጥያቄ የሚሸፍነው ለስድስት ወር ገደማ ነው፤ የሚያዋጣው ፋይሉ ከቦታው መነሳቱ ነው። አንዱ ወጣት ባለሙያ «በሮቦትስ ፋይል እንከልክለው» አለ። ሮቦትስ ፋይል ለቦቶች «እዚህ አትግቡ» የሚል፣ ግን ማንም የሚያነበው ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ የፎልደሩን ስም መጻፍ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ መጠቆም ነው።

ቀጥሎ የወረቀቱ ክፍል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ ጥሰት ሲታወቅ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ እንዲነገር ይላል። ያየሁትን፣ የዘጋሁትንና ሰዓቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ለአይሲቲ ኃላፊው ሰጠሁ። እሳቸው ወደ ሕግ ክፍል መሩት። ሕግ ክፍል «ለበላይ ይቅረብ» ብሎ መራው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በ72 ሰዓት ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው መውጣቱም እንጃ። ሦስቱንም በስልክ ጨቀጨቅኳቸው። ወጣ።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ወጪ

ሶፍትዌሩ ሁሉ ነፃ ነው። የድረ ገጹ ግንኙነት የሚመሰጠርበት ሰርተፍኬትም በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው፣ ራሱ ይታደሳል። ገንዘብ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ለተመሰጠረ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ባለ 2 ቴራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ 12 ሺህ ብር ገደማ። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ አለኝ። ሦስቱም ከአንድ ሕንፃ መጡ፤ ሁለቱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የአንድ ሰው ይመስላል። አልጠየቅኩም። የድሮው ባክአፕ ያልተመሰጠረ ነበር፤ የሚቀመጠውም ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ።

ኅዳር፣ የት ደረሰ

«አቤቱታዬ የት ደረሰ» የሚለው መከታተያ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ፣ የማንንም ስልክ ያስገባ ሰው የባለቤቱን ሙሉ ስምና የአቤቱታውን ርዕስ ያያል። ባል የሚስቱን፣ አከራይ የተከራዩን፣ አለቃ የሠራተኛውን። ሁለተኛው፣ የአቤቱታ ቁጥሩ ተከታታይ ነው። 1045ን ያየ 1046 ብሎ የጎረቤቱን ይከፍታል።

ወጣቱ ባለሙያ ስልኩን ሃሽ አድርገን፣ ማለትም ወደኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይረን፣ እናስቀምጥ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ከ09 በኋላ ያለው ስምንት አሃዝ ነው፤ ሊሆን የሚችለው ሁሉ 100 ሚሊዮን ብቻ። ያን ሁሉ ሃሽ አድርጎ ማነጻጸር ለአንድ ላፕቶፕ ደቂቃ ነው። 07ን ቢጨምሩት እጥፍ ይሆናል እንጂ አይከብድም። ስለዚህ ስልክ ብቻውን መክፈቻ መሆኑን አስቀረን።

በምትኩ የዘፈቀደ መለያ ኮድ። መጀመሪያ በላቲን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለ ሠራሁ፤ የሚመሳሰሉትን «O»ና ዜሮን፣ «I»ና አንድን አስወግጄ። የጥበቃውን ጋሼ በስልክ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ዳቦ የተቆረሰችበት ትመስላለች» ብለው «G» ላይ ቆሙ። ፊደሉን ተውኩት። በቁጥር ብቻ ባለ 12 አሃዝ አደረግኩ። ይህኛው ከፋይዳ ጋር ተጋጨ። የፋይዳ መለያ ቁጥር 12 አሃዝ ነውና ለሙከራ ካስገቡት ሰዎች ሁለቱ የፋይዳ ቁጥራቸውን ሞሉት። የማንፈልገውን መረጃ ሰው ወድዶ አስገባልን ማለት ነው። አሁን ስምንት አሃዝ ነው፣ አራት አራት ተከፍሎ፤ ከሱ ጋር የስልኩ የመጨረሻ አራት አሃዞች ይጠየቃሉ። አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል። ሲከፈትም ስም አይወጣም፣ «በምርመራ ላይ» ወይም «ውሳኔ አግኝቷል» ብቻ።

ኅዳር መጨረሻ፣ መዝገብ ቤት

ፎርሙ ላይ ያሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ይህን ማን ይጠቀምበታል? የጋብቻ ሁኔታ፣ ማንም። የትምህርት ደረጃ፣ ማንም። ብሔር፣ ማንም፤ «ከድሮው የወረቀት ቅጽ የመጣ ነው» አሉኝ። አዋጁ ይህን የመሰለውን ጥንቃቄ ከሚሹ ዳታዎች ይቆጥረዋል፤ እኛ ግን ከልማድ በቀር ምክንያት ሳይኖረን ስንሰበስበው ኖረናል። ሦስቱም ወጡ።

የመታወቂያው ፎቶ ላይ ግን መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ አልበገር አሉ። ዓመታት ከካርቶንና ከክር ጋር የኖሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ፋይል ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺማ ውልሽን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ።»

እውነታቸውን ነው። አልተከራከርኳቸውም። አሠራራቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። አቤቱታው በገባ ቁጥር ከነመታወቂያው ያትሙታል፣ ይሰፉታል፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የሕግ ማስረጃ ተብሎ የሚጠራው ያ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፎቶ አንዴ ከታተመ በኋላ ማንም አይከፍተውም። እንዲህ ተስማማን፦ እሳቸው «ታትሟል» ብለው ምልክት እስካላደረጉ አይነካም፤ ጉዳዩ ከተዘጋ ከ30 ቀን በኋላ የሰርቨሩ ቅጂ ራሱ ይጠፋል። ቁልፉ በእጃቸው መሆኑን ሲያዩ «እንዲህ አትዪኝም ነበር?» አሉ።

ሌላም ነገር ተገኘ። ፎርሙ እያንዳንዱን አቤቱታ ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ ይልካል፤ ይለፍ ቃሉን ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል፣ ሥራ የለቀቁትም ጭምር። ያንኑ ጽሑፍ ፍላሚንጎ የተባለው ፕለጊን (የወርድፕረስ ተጨማሪ ፕሮግራም) ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ ያስቀምጣል። አንድ አቤቱታ አራት ቦታ። ኢሜይሉ አሁን «አዲስ ጉዳይ ገብቷል» ብቻ ይላል፤ ዝርዝሩ በየሰው ሎግኢን ይከፈታል።

ታኅሣሥ፣ ኢንተርኔት ቤት

የሥራው ትልቁ ክፍል ውል ውስጥ የለም። ባለጉዳዩ ብዙ ጊዜ ፎርሙን በራሱ ስልክ አይሞላውም። ፒያሳም አራት ኪሎም «የኦንላይን ፎርም እንሞላለን» የሚል ወረቀት በር ላይ የለጠፉ ቤቶች አሉ። አንዱ ጋ ገብቼ እንደ ባለጉዳይ ተቀመጥኩ። ልጁ ፎርሙን ከፈተ፤ ስም የሚለውን ሳጥን ሲነካው የቀደሙ ሰዎች ስም ተዘረገፈ። ስልክ የሚለውም እንደዚያው። ዳውንሎድስ ፎልደሩ በእኛው ማረጋገጫ ፒዲኤፍ ተሞልቷል፤ ስም፣ ስልክ፣ የአቤቱታ ርዕስ። ልጁ ምን ያድርግ? ድረ ገጻችን ነው ሳይጠየቅ የሚያወርደው።

ፒዲኤፉ በራሱ እንዳይወርድ አደረግኩ። መለያ ኮዱ በትልቁ ይታያል፣ «ይጻፉት ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት» ይላል። ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ እንዳይተው (ካሽ እንዳይደረግ) ኖ ስቶር የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ፣ ሎግኢኑም ለአሥር ደቂቃ ካልተነካ ይወጣል። የቀደመውን ጽሑፍ እያስታወሰ የሚያወጣውን ኦቶኮምፕሊት አጠፋሁ፤ ክሮም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ተመልሼ ስሞክር ስልኩ ቀርቷል፣ ስሙ ግን አሁንም ብቅ ይላል። ለጊዜው መውጫው ገጽ ላይ «የሌላ ሰው ኮምፒውተር ከተጠቀሙ» ብሎ የሚጀምር ማሳሰቢያ አለ። በቂ አይደለም።

«ሮቦት አይደለሁም» የሚያስብለው ካፕቻም ሄደ። የጎግሉ ነበር። በምትኩ ሰው የማያየው፣ ቦት ብቻ የሚሞላው ድብቅ ሳጥን አስገባሁ። መጀመሪያ «ኢሜይል 2» ብዬ ስለሰየምኩት ብሮውዘሩ ራሱ እየሞላው እውነተኛ ሰው ታገደ። ትርጉም የሌለው ስም ሰጠሁት፣ ተስተካከለ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገጹ ተጻፈ

በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፤ እንግሊዝኛው በሦስተኛ ደረጃ። አማርኛው በስልክ ሁለት ስክሪን አይሞላም። ከውስጡ፦

«ድረ ገጻችንን ሲጎበኙ የአይፒ አድራሻዎን ለሰባት ቀን እንይዛለን፤ ምክንያቱም ጥቃት ሲደርስ ለመከላከል ነው። ከዚያ በኋላ ይጠፋል። አቤቱታ ካስገቡ ስምዎን፣ ስልክዎንና ጉዳይዎን የሚያዩት ጉዳዩን የያዘው ባለሙያና መዝገብ ቤት ብቻ ናቸው። የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ።»

የሕግ ክፍሉ ባለሙያ አንብበው «ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት መሥሪያ ቤቱ ተጠያቂ አይሆንም» የሚል እንዲጨመር ጠየቁ። አዋጁ ተጠያቂ ነህ እያለ እኛ አይደለንም ብንል ምን ይጠቅማል? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጎ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ግን የአዋጁ ቁጥር ይግባ» አሉ። ገባ።

ጥር፣ የመጀመሪያው ጥያቄ

አንድ ባለጉዳይ አቤቱታውን እንዳነሳና ስልኩ እንዲሰረዝ ጻፈ። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ የመጀመሪያ ምላሹ «ማንነቱን ለማረጋገጥ የመታወቂያ ኮፒ ይላክ» ሆነ። ለመሰረዝ ሌላ መታወቂያ ልንቀበል! በመለያ ኮዱና በተመዘገበው ስልክ መልሶ በመደወል አረጋገጥን። ስልኩ ከዳታቤዙ ወጣ። የታተመው ፋይል መደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ ይህንም ነገርነው። ባክአፑ ላይ ያለው ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው በላዩ ይጻፍበታል። ባክአፕ ከፍቶ አንድ ሰው ብቻ ነጥሎ ማውጣት ሌላውን የማበላሸት አደጋ ስላለው እንዲህ ይሻላል ብዬ ገጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ።

የቀረው ቴሌግራም ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቻናል ሥር ያለው አካውንት የተከፈተው በአንዲት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የግል ስልክ ሲሆን፣ ሰዎች መታወቂያቸውን ፎቶ እያነሱ በኢንቦክስ ይልኩላታል። ፎቶው ስልኳ ጋለሪ ውስጥ፣ ከልጆቿ የልደት ፎቶ ጎን ይቀመጣል። እሷም ሰልችቷታል። መጀመሪያ መታወቂያ ላለመቀበልና ወደ ፎርሙ ለመምራት አውቶማቲክ መልስ እንሞክራለን። ለመሥሪያ ቤቱ የተለየ ሲም ካርድና ስልክ እንዲገዛ ማስታወሻ ጽፌያለሁ፤ ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ጠይቋል።